መብራት ሲጠፋ ጆሯችሁን ቀስሩ፦ ሌሊት «እምምም» የሚለውን ድምፅ አድኖ ለመያዝ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ጅማ ጭጭ ብላለች። ባጃጆቹ ገብተዋል፣ ውሾቹም ጮኸው ደክሟቸዋል። እናንተ ግን ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ኮርኒስ ታያላችሁ። «እምምም…» የሚል ነገር አለ። አይሱዙ ከሩቅ ሞተሩን ሳያጠፋ እንደቆመ ዓይነት። መስኮት ስትከፍቱ ይብሳል ብላችሁ ስትጠብቁ ጭራሽ ይቀንሳል። አጠገባችሁ የተኛውን ሰው ትነቀንቃላችሁ። «ምንም አይሰማኝም፤ በቃ እንተኛ» ይላችኋል።

እኔም መንደራ ቆጪ ተከራይቼ ስኖር ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆኜ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ቀጥሎ አዘነችልኝ። ኋላ ላይ «ኧረ ሐኪም ቤት እንሂድ» ማለት ጀመረች። አከራያችን ደግሞ «የቦዬ ጉማሬ ነው» ብለው ገላገሉኝ፤ ቦዬ ጅማ አጠገብ ያለው ረግረግ ነው። ጉማሬ ያጓራል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ቃና አያንጎራጉርም። ግን ምን ይደረግ፣ እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት በስልክ መተግበሪያ አይደለም። መብራት በመጥፋቱ ነው። ሁላችን የምናማርርበት የመብራት መቆራረጥ ለዚህ ሥራ በነፃ የተሰጠ መሣሪያ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ እሱን መሠረት ያደረገ ነው።

አስቀድሜ ግን፦ አላበዳችሁም። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ታኦስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ አቤት ስላሉ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሳይንቲስቶች ቡድን ተልኮ ነበር። ከተጠየቁት ሰዎች 2 በመቶ ያህሉ ድምፁን እንሰማለን አሉ። መሣሪያ ተተከለ፤ ምንጩ አልተገኘም። ኢንዲያና ውስጥ ኮኮሞ ላይ ግን በ2003 የድምፅ ባለሙያዎች ሁለት ምንጭ አገኙ። አንዱ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ማማ ማራገቢያ ነው፣ 36 ኸርዝ፤ በሴኮንድ 36 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ሌላው የአየር መጭመቂያ ማሽን ነው፣ 10 ኸርዝ። ሁለቱም ተስተካከሉ። የተወሰኑ ሰዎች ግን «አሁንም ይሰማናል» አሉ። ይህችን ኮኮሞን አትርሷት፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

1. ከጆሮ መጀመር

ጎረቤት ከመጠርጠር በፊት ራስን መጠርጠር ይሻላል። ድምፁ ከውጭ ነው ወይስ ከራሳችሁ ጆሮ?

ቀላሉ ፈተና መደፈን ነው። በጣት ግን አትድፈኑ። የእጅ ጡንቻ ራሱ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለው፤ ጣታችሁን ጆሯችሁ ውስጥ ስትከቱ እሱን ትሰሙና ትሳሳታላችሁ። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ፈልጉ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ አያጣም። ደፍናችሁ ድምፁ ከቀነሰ ከውጭ የመምጣቱ ነገር ያመዝናል። እንዳለ ከቆየ ወይም ይበልጥ ከጠራ ጆሮውን ጠርጥሩ። ይህ ግን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ወፍራም ድምፅ መድፈኛውን በቀላሉ ያልፋል።

የተሻለው ፈተና ቦታ መቀየር ነው። አጋሮ ወይም ሰቃ ዘመድ ካላችሁ ሄዳችሁ እደሩ። ከዋናው መንገድና ከወፍጮ ቤት የራቀ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። ድምፁ ተከትሏችሁ ከመጣ ጅማን በነፃ ልቀቋት።

ድምፁ ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ከሆነ ወይም ማዞርና የመስማት መቀነስ ካለው ይህን ጽሑፍ ትታችሁ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም። የምትወስዱትን መድኃኒትም ለሐኪሙ ንገሩ። ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ጆሮ ውስጥ ድምፅ ይፈጥራሉ። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ኩዊኒን የወሰደ ሰው ጆሮው መጮሁ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላ ሰው ስትጠይቁም ተጠንቀቁ። «እምምም የሚል ነገር ይሰማሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን አፉ ላይ አስቀመጣችሁለት ማለት ነው። «ዝም ብለህ አዳምጥና የምትሰማውን ሁሉ ንገረኝ» በሉት። እኔ ይህን ባለማወቄ ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ «ይኸው፣ ይኸው፣ አሁን!» እያልኩ አስተማርኳት። በሳምንቱ እሷም ሰማችው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልተኛንም።

2. ደብተር

አንድ ሳምንት ጻፉ። ሰዓት፣ ድምፁ አለ ወይስ የለም፣ መብራት አለ ወይስ የለም፣ ውሃ መጥቷል ወይስ አልመጣም፣ ዝናብ። በቃ። ሰዓቱን ወይ በኛ ወይ በስልኩ አቆጣጠር ጻፉ እንጂ አትቀላቅሉ። እኔ «8» ብዬ የጻፍኩት የሌሊት ይሁን የጠዋት ሳላውቅ ሦስት ቀን አክስሬያለሁ።

ክረምት ከሆነ ብዙ አትድከሙ። ጅማ ዝናቧ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንኛውንም ነገር ይውጠዋል። ጥርት ያለ የበጋ ሌሊት ምረጡ። እንዲህ ባለ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ይላል። ድምፅ ወደ ላይ ከመብተን ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፍና ሩቅ ይሄዳል። ቀን የማይሰማ ወፍጮ ወይም ጄኔሬተር ሌሊት አልጋችሁ ስር ያለ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. የራስን ቤት ማጥፋት

ድምፁ እየተሰማ እያለ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቆጣሪው ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሰው ምጣድ ላይ እንጀራ ጥዶ ይሆናል። አንድ ደቂቃ አዳምጡ። መልሱ። እንደገና አጥፉ። ሦስት ጊዜ ካላደረጋችሁት አትመኑት፤ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል።

ብሬከሩ ሲጠፋ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ፍሪጅ፣ የፍሪጅ ጋርድ፣ ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ቻርጀር። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፍሪጅ ነው። ጀርባው ግድግዳ ሲነካ ግድግዳው ራሱ ከበሮ ይሆናል። አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስጡት፣ እግሮቹንም አስተካክሉ።

እኔ ብሬከሩን ሳጠፋ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ ቀረ። ይህ በጣም ግራ አጋብቶኝ ነበር። ለካ ድምፁ አንድ አልነበረም። «ው-ው-ው» እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሁለት ሞተሮች መሆናቸውን ጠርጥሩ። ፍጥነታቸው ትንሽ ሲለያይ ድምፃቸው አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጠፋፋል። አንደኛው ሲቆም መወዛወዙ ይቀርና ቀጥ ያለው ብቻ ይቀራል። ፍሪጄ ከጎረቤት ሞተር ጋር ይዘፍን ነበር።

4. መብራት ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሻማና ስልክ ፍለጋ ይንጫጫል። እናንተ አትንቀሳቀሱ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወርቅ ናት። ጄኔሬተር ያለው ሰው ተነስቶ እስኪያስነሳ ድረስ ሰፈሩ ራቁቱን ነው። በዚያች ደቂቃ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ነው። ድምፁ ከቀጠለ ደግሞ ነዳጅ የሚበላ ነገር፣ የቆመ መኪና፣ የተፈጥሮ ነገር ወይም ጆሯችሁ ነው። በአንድ ደቂቃ ግማሹን ዓለም አስወጣችሁ።

ከዚያ ቀና ብላችሁ ውጪውን እዩ። የጠፋው የት ድረስ ነው? አንዳንዴ የሚጠፋው አንድ ፌዝ ብቻ ነው፣ ማለትም መብራት ከሚመጣባቸው ሦስት መስመሮች አንዱ፤ የእናንተ ቤት ጨለማ ሆኖ ማዶ ያለው ቤት ይበራል። ድምፁ ከእናንተ ፌዝ ጋር ከጠፋ ፍለጋው በጣም ጠበበ። የጨለሙትን ቤቶች ብቻ ቁጠሩ።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ከመጥፋቱ የበለጠ ይናገራል። ወዲያው «እም» ብሎ የሚጀምር ትራንስፎርመር ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚነሳ ፍሪጅ ነው፤ ጋርዱ ነው የሚያዘገየው። ሰው ካልነካው የማይነሳ ወፍጮ ነው። ሮቶው ሲጎድል በራሱ የሚነሳ፣ ሲሞላ በራሱ የሚቆም የውሃ ፓምፕ ነው።

እኔ ጋ የሆነው የመጨረሻው ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ድምፁም ጠፋ። ሲመለስ ዝምታ። ፍሪጁ ተነሳ፣ እሱን አወቅሁት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላኛው መጣ። ደብተሬን ሳየው ድምፁ ያለባቸው ሌሊቶች በሙሉ ውሃ የመጣባቸው ሌሊቶች ናቸው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ፓምፕ ያለው ሰው ሮቶውን የሚሞላውም ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ ካናዳ ውስጥ ዊንድሶር የምትባል ከተማ ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ድምፅ ስትታመስ ነበር። ጥርጣሬው ከወንዙ ማዶ አሜሪካ በኩል ዘግ ደሴት ላይ ባለው የብረት ማቅለጫ ላይ ነበር። በ2020 ማቅለጫው ሥራ ሲያቆም ድምፁም ቆመ። እነሱ ላይ «መብራት እስኪጠፋ» ዓመታት ፈጀ። እኛ ሳምንት እንኳ አንጠብቅም።

5. ስልኩ ምን ያህል ይረዳል?

ትንሽ ይረዳል። ስፔክትሮይድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ ድምፁን በኸርዝ ከፋፍሎ ያሳያል። ስልኩን የክፍሉ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ይጎላል። ብዙ ስልኮች ግን ዝቅተኛውን ድምፅ ለመያዝ ደካማ ናቸው። ስለዚህ «ምንም አላሳየኝም» ማለት የለም ማለት አይደለም። ድምፁ ያለበትንና የሌለበትን ሌሊት ሳታነጻጽሩ የወሰዳችሁት ምስልም ዋጋ የለውም።

መስመሩ ከታየ ቁጥሩ ይናገራል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። የትራንስፎርመር ብረት በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ የሚያንጎራጉረው 100 ላይ ነው፤ 200 እና 300 ላይም ጭራ አለው። የፍሪጅና የትንሽ ፓምፕ ሞተር በደቂቃ ከ3000 ዙር ትንሽ ዝቅ ስለሚል ከ50 በታች፣ 48 ወይም 49 አካባቢ ይቆማል። በ1500 ዙር የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ጄኔሬተር 50 ላይ ይመታል። ሱቅ በር ላይ የምትጮኸው ትንሿ የቤንዚን ጄኔሬተር ደግሞ 25 ላይ። ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ የሚሠራ አይሱዙ ከ20 እስከ 25። ከ200 በላይ ሆኖ ሞቅ ሲል የሚበረታ፣ ሌሊት የሚደክም ከሆነ ኮርኒሱን እዩ። ንብ ገብቶ ይሆናል። ጅማ ነን፣ ማር አገር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ስልክ ላይ ያለው የዴሲቤል መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ «ዴሲቤል ኤ» በሚባለው ነው የሚለካው። ይህ አለካክ ወፍራም ድምፅን ሆን ብሎ ይቀንሳል፤ 50 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ያህል ይቆርጣል። እንቅልፍ የነሳችሁ ድምፅ እዚያ ላይ ሹክሹክታ መስሎ ይወጣል። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የሌሊት ወሰኑ 45 ዴሲቤል ኤ ነው። እምምም የሚለው ነገር ከዚያ በታች ሆኖም ሰው ሊያሰቃይ ይችላል። መርማሪ መጥቶ «ከወሰን በታች ነው» ቢላችሁ ውሸት አይደለም፤ የለካው ግን እናንተን የሚያስቸግረውን አይደለም። ወፍራሙን ድምፅ ያን ያህል በማይቆርጠው በ«ዴሲቤል ሲ» ጭምር እንዲለካ ጠይቁ።

6. አቅጣጫውን መፈለግ

ቤት ውስጥ ሆናችሁ «ከዚያ ጋ ነው» ብላችሁ አትጠቁሙ። ትሳሳታላችሁ። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ስፋቱ ሦስት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ልክ ግማሹን ይይዛል። ያኔ ክፍሉ ራሱ ድምፁን ያጎላዋል፤ ግድግዳው አጠገብ ይጮኻል፣ መሃል ላይ ዝም ይላል። መስኮት ስትከፍቱ የቀነሰውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። አልጋ ደግሞ ሁልጊዜ ግድግዳ ጥግ ነው።

ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በእጅ ፈልጉ። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ፣ ቧንቧው ላይ፣ የመስኮቱ ብረት ላይ አሳርፉ። መካኒኮች ካቻቪቴ ይዘው ሞተር ሲያዳምጡ አይታችሁ ይሆናል። እናንተ ደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለው አጥንት ላይ አድርጉ። ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ የት እንደሚበረታ ምልክት አድርጉ። የእኔ እንጨት የጋራው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ።

ከቤት ውጪ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ብቻውን ግድግዳ ላይ እንጨት የሚያስጠጋ ሰው ሌባ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና የሚዞር ሞተር ግን በምንም አይነኩም። እነሱን በዓይንና በጆሮ ብቻ።

የኔትወርክ ታወር ላይም አንድ ነገር ልበል። «ጨረሩ ነው የሚጮኸው» የሚል ወሬ አለ። ጆሯችን የሬዲዮ ሞገድ አይሰማም። ታወሩ ስር ያለውን ጄኔሬተርና ማራገቢያ ግን በደንብ ይሰማል። ከጠረጠራችሁ ከስር ያለውን እዩ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያ ሊሆን ይችላል። የጀንፈል መቀሸሪያው ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው።

7. ጎረቤት ጋ መሄድ

ይህ ከቴክኒኩ ይከብዳል። ተናድዳችሁ ሌሊት በር አታንኳኩ። እኔ ቀን፣ ቡና ሰዓት ላይ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፓምፕዎ ይረብሸኛል» አላልኩም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፣ እስቲ እኛ ቤት ይምጡ» አልኩ። ፓምፑን ልጃቸው አስነሳ፣ እሳቸው እኛ መኝታ ቤት ሆነው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «ወይ ጉድ» አሉ። እሳቸው ቤት ፓምፑ ያለው ጓሮ ስለሆነ ምንም አይሰማም ነበር።

ፓምፑ ከጋራው ግድግዳ ጋር በብሎን ታስሯል። ከግድግዳው ፈትተን መሬት ላይ አስቀመጥነው። ከስሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ሁለት ድርብ አደረግን። ከብረት ቧንቧው ጋር የሚያገናኘውን አጭር ክፍል በላስቲክ ቱቦ ቀየርነው። ይህ ሁለተኛው እንዳይዘለል፤ ጎማ ከስር አድርጋችሁ ቧንቧው ግን ግድግዳ እንደነካ ከቀረ ንዝረቱ በዚያ በኩል ይመጣል። የወፍጮ ከሆነ የላላ ብሎን፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የተበላ ቺንጋ ነው በቅድሚያ የሚታየው። ለባለወፍጮውም ይጠቅመዋል፤ ኩሽኔታው እያለቀ መሆኑን በነፃ ነገራችሁት።

በንግግር ካልሆነ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቀበሌ፣ ከዚያ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። ትራንስፎርመር ከሆነ የምሰሶውን ቁጥር ጻፉና ለመብራት ኃይል አመልክቱ። ከድሮው በድንገት ጎልቶ ከሆነ፣ መንጫጫት ወይም ዘይት ማንጠብጠብ ካለው በዚያው ቀን ሂዱ።

8. የቀረው ድምፅ

ኮኮሞን አስታውሱ። ሁለቱ ማሽኖች ተስተካክለውም የሚሰማው ሰው ነበር። እኔም ፍሪጁን ከግድግዳ አርቄ፣ ፓምፑ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንድ ሌሊት 100 ላይ ቀጭን መስመር ይታየኝ ነበር። የመንገዱ ትራንስፎርመር ነው። ጤነኛ ነው፣ ሥራው ማንጎራጎር ነው።

ለእሱ ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። አልጋውን ከግድግዳው ሜትር ያህል ሳብኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ «ቤቱ መሃል ላይ አልጋ፣ ምን ይባላል!» ብላ ነበር። ትራሱን በእንጨቱ ሳይሆን በጆሮዬ ፈልጌ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ አደረግኩ፤ ከጥጉ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ማራገቢያ ነው። ከእግርጌ በኩል ዝቅ ባለ ፍጥነት ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ እሷም ትቆማለች፤ ያኔ ግን ትራንስፎርመሩም አብሯት ይቆማል።